ኩዊልት ላይ ያሰመርኩት መስመር እምቢ ሲለኝ

ኩዊልት ሁለት ጨርቅ መሃል ጥጥ ተነጥፎ ሦስቱም አብረው የሚሰፉበት የአልጋ ልብስ ነው። ስፌቱ ቀድሞ የተሰመረ መስመር ይከተላል። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። መስመሩ እስክንሰፋ መታየት፣ ከሰፋን በኋላ መጥፋት አለበት። የምናሰምርበትን እስክሪብቶ ወይም ጠመኔ ስንገዛ ግን የምናየው መታየቱን ብቻ ነው። እኔ አሁን ቀድሜ የምጠይቀው «በምን ይለቃል?» ብዬ ነው።

ሰማያዊው መስመር ቡናማ ሆኖ ቀረ

ይሄ የደረሰው በራሴ ነው። ለእህቴ ልጅ ክርስትና ነጭ ኩዊልት ሰፋሁ። ያሰመርኩት በውሃ በሚለቀው ሰማያዊ እስክሪብቶ ነበር። ስጨርስ እንዲያምር ብዬ በጋለ ካውያ ተኮስኩት። ካውያው ባለፈበት ሁሉ መስመሩ የዳቦ ቅርፊት መሰለ። ሦስቴ አጠብኩት፤ ወይ ፍንክች!

ጥፋቱ የሙቀቱ ነው። ይሄ ቀለም ሲግል ጨርቁ ላይ ይቀራል። ሳሙናም ቀድሞ ከነካው ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፣ ከዚያ ሳሙና፣ ካውያ መጨረሻ ላይ።

ለቆ የነበረው ሰማያዊ ሲደርቅ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ ውሃ ረጭታችሁበት ነው። ቀለሙ ወደ ጥጡ ይሰርግና ሲደርቅ ወደ ላይ ይወጣል። ሙሉውን ዘፍዝፉት።

ሳልሰፋ መስመሩ ጠፋ

በአየር የሚጠፋው ሐምራዊ እስክሪብቶ ነው። አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ ነው፤ እርጥበት ባለበት አገር ከዚያም ያነሰ። ዛሬ የምትሰፉትን ያህል ብቻ አስምሩ።

በካውያ ያጠፋሁት በብርድ ተመለሰ

ፍሪክሽን የሚባለው እስክሪብቶ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞቅ ቀለሙ አይታይም እንጂ ከጨርቁ አልወጣም። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያም ዝቅ ብሎ ሲቀዘቅዝ መመለስ ይጀምራል። አዲስ አበባ ይሄ አያሰጋም። ሚኒሶታ ያላችሁ ግን ኩዊልቱን ጥር ላይ መኪና ውስጥ አሳድራችሁ እዩት! ጥቁር ጨርቅ ላይ ደግሞ ነጣ ያለ አሻራ ይተዋል። እኔ ለስጦታ በሚሆን ነገር ላይ አልጠቀምበትም።

ጠመኔው የቅባት ጠብታ መሰለ

የልብስ ሰፊ ጠመኔ ሁለት ዓይነት ነው። በጥፍር ፋቅ አድርጉት። ዱቄት ከሆነ የሸክላው ነው፤ በብሩሽ ይራገፋል። እንደ ሻማ ከተላጠ ሰም አለበት፤ ካውያ ሲነካው ይቀልጣል። ከቀለጠ፣ ከላይና ከታች ለስላሳ ወረቀት አድርጋችሁ ተኩሱት። ወረቀቱ አብዛኛውን ይመጠዋል።

የሸክላው ችግር ቶሎ መርገፉና ሲደንዝ መስመሩ መወፈሩ ነው። ጠርዙን በምላጭ ሳሉት። ለጥቁር ጨርቅ ግን፣ የሚታጠብ ከሆነ፣ አልቆ የሳሳ ደረቅ ነጭ ሳሙናን የሚያህል የለም። ዋጋው እንኳ ዜሮ ነው።

እርሳሱ ነጩን ክር አጠቆረው

እርሳሱ ለስላሳ ነው፣ ወይም ተጭናችኋል። ጠንካራውን 2ኤች ቀርጻችሁ ሳብ ብቻ አድርጉት። ከጨርቁ ሥር የአናጺ ብርጭቆ ወረቀት ብታደርጉ ጨርቁ አይንሸራተትም፤ መጫንም አያስፈልግም።

ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ከሆነ

ቀለም ለምን? ጃፓኖች ሄራ የሚሉት ዱልዱም ጠርዝ ያለው መሣሪያ አለ። ማስመሪያ አስጠግታችሁ ስትጎትቱት ጨርቁ ላይ የእጥፋት መስመር ይተዋል። መብራቱን ከጎን አድርጉት፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አበባ በበዛበት ጨርቅ ላይ ግን አይታይም። እዚያ ማስኪንግ ቴፕ (ቀለም ቀቢዎች የሚለጥፉት የወረቀት ፕላስተር) ለጥፋችሁ ጠርዙን ተከትላችሁ ስፉ። ፀሐይ ላይ አታቆዩት እንጂ፣ ሙጫው ይቀራል።

አሁን አዲስ ጨርቅ ስገዛ መጀመሪያ ብጣሹ ላይ ያለኝን ሁሉ አሰምራለሁ። ግማሹን እተኩሳለሁ፣ ከዚያ ሁሉንም አጥባለሁ። ከስፌት መኪናዬ በላይ አንዱ ብጣሽ በመርፌ ቁልፍ ተሰክቷል። ቡናማው መስመር ዛሬም አልለቀቀም።