ማርሚታውን ደብረ ብርሃን ላይ ብቻ ሞክራችሁ አትወስኑ

ባለሁለት ሲሊንደር ስፖርት ሞተር ሳይክላችሁ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚደባልቅ ክፍል) ያለው ከሆነ አዲሱን ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)፣ ቢቻል በውሰት፣ አስገጥማችሁ ሸዋ ሮቢት ድረስ ውረዱ።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተሩ ቤንዚን ያበዛል። ጭስ በቀላሉ የሚያስወጣ ማርሚታ ደግሞ ድብልቁን ያሳሳል፣ ማለትም ከአየሩ አንጻር ቤንዚኑን ያሳንሳል። ሁለቱ ይጣጣሙና ሞተሩ ሸጋ ይሄዳል። ጣርማ በርን አልፋችሁ ቆላ ስትገቡ ግን አየሩ ይወፍራል፣ የቤንዚኑ ማነስ ይጋለጣል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል።

ሮቢት ሜዳው ላይ ጥቂት ሳብ አድርጋችሁ ንዱና አጥፉት። ሲበርድ ሁለቱንም ካንዴላ (እሳት የሚፈነጥቀውን) ፍቱ። አንዱን ብቻ አይታችሁ እንዳትተዉት፤ አንዱ ሲሊንደር ደህና ሆኖ ሌላው እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ተስማምቶታል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ ጄቱን (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ሰፋ ባለ ቀይሩ፣ አለዚያ ጠበብ ያለ ማርሚታ ምረጡ። ደጋ ስትመለሱ ትንሽ ቢያጨስ ይሻላል፤ ፒስተን ከማቃጠል በብዙ ይረክሳል።

በካርቡሬተር ፋንታ ኢንጀክሽን (ቤንዚንን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ) ላለው ይህ አያስፈልግም፤ ከፍታውን በሴንሰር ራሱ ያስተካክላል። ለእሱ አዲሱ የጭስ ቱቦ የኦክስጅን ሴንሰሩ ማሰሪያ እንዳለው አረጋግጡ።