ሥነ ምህዳርን በእርሻ ሥራ ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውና ሥር የሰደደው ስህተት ትምህርቱን ከጉልበት ሥራ ጋር ማምታታት ነው። ተማሪዎች ያለ አንዳች ጥያቄ ቆፍረውና ውኃ አጠጥተው ወደ ክፍል ከተመለሱ አትክልት ተንከባክበዋል እንጂ ሥነ ምህዳር አልተማሩም። በጉዝጓዝ የተሸፈነው መደብ ካልተሸፈነው ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚደርቅ አስቀድመው ገምተው እንዲጽፉ ቢደረግ ግን ያው ሥራ ምርምር ይሆናል። አረም ማረምን ለቅጣት ማዋል ደግሞ ተማሪውን ከአፈር ስለሚያርቀው ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

ሁለተኛው፣ ተባይ በታየ ቁጥር ለማጥፋት መቸኮል ነው። በጎመን ቅጠል ጀርባ ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥጡ ጥቃቅን ነፍሳት) ሲታይ መምህሩ ሊደሰት ይገባዋል፤ ክሽክሾቹ በሚያወጡት ጣፋጭ ፈሳሽ የሚሳቡ ጉንዳኖች ይመላለሳሉ፣ ክሽክሾቹን የሚበሉ ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛዎችና እጮቻቸውም ሊከተሉ ይችላሉ። አምራች (ተክሉ)፣ ዕፅ በል (ክሽክሹ) እና አዳኝ (ጥንዚዛው) የሚባሉት ሁሉ በአንድ ቅጠል ላይ ይገኛሉ። ፀረ ተባይ ከተረጨ ግን አዳኙም አብሮ ያልቃል፤ በፍጥነት የሚራባው ክሽክሽ ብዙ ጊዜ ከአዳኙ ቀድሞ ያንሰራራል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ መደብ ሳይነካ ለምልከታ እንዲተው አጥብቄ እመክራለሁ፤ የሚጠፋው ምርት ከሚገኘው ዕውቀት ጋር አይወዳደርም።

የባቄላንና የአተርን ሥር ሳያዩ ማለፍም ያስቆጫል። ተክሉ ማበብ ሲጀምር አንዱን ከነአፈሩ በጥንቃቄ ነቅሎ በሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች መሰንጠቅ ያስፈልጋል፤ ውስጣቸው ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ራይዞቢየም የተባሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል መልክ እየለወጡት ነው። ከአየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ሆኖ ሳለ ተክሎች በቀጥታ ሊወስዱት እንደማይችሉ በዚህ መንገድ የተማረ ልጅ በቀላሉ አይረሳውም።

ንጽጽርም ይበላሻል። ብስባሽ የተጨመረበት መደብ ፀሐይ ላይ፣ ያልተጨመረበት ጥላ ሥር ከሆነ የልዩነቱ ምክንያት የቱ እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ከሚፈተነው ነገር በቀር ዘሩም ውኃውም ብርሃኑም አንድ መሆን አለበት።

ውጤትን በምርት ብቻ መመዘን ሌላው ጥፋት ነው። ያልበቀለ ዘር ተቆፍሮ ሊመረመር ይገባዋል፤ በስብሶ፣ ደርቆ ወይም በነፍሳት ተበልቶ እንደሆነ መለየት ራሱ ትምህርት ነው፤ ምልከታውን በትክክል የመዘገበ ተማሪም ሙሉ ነጥብ ሊነፈገው አይገባም።

በመጨረሻም፣ የሰብሉን ዕድሜ ከትምህርት ጊዜ ጋር አለማጣጣም አለ። ፍጅል በአራት ሳምንት ገደማ ሊደርስ ስለሚችል ለአጭር ጊዜ ይስማማል፤ ወራት የሚፈጁትን ግን ከመዝራት በፊት በዕረፍት ወቅት የሚንከባከባቸው ሰው መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል።