ፋየርዎል ሰርቨሬን ከሙቀት ያሳረፍኩበት መንገድ

ደሴ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር የቤቴ ፋየርዎል ሰርቨር፣ ማለትም የቤቱን ኔትወርክ ከውጭ ጥቃት የሚጠብቀው ኮምፒውተር፣ የመጠባበቂያ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰው ነበር። የጦሳ ተራራ ብርድ ቤቱን በሚያቀዘቅዝበት ሌሊት እንኳ የኮምፒውተሩ ሽፋን ከእሳት እንደወረደ ጀበና ይፋጃል።

ፒኤፍሴንስ የተባለውን የፋየርዎል ሶፍትዌር የጫንኩበት አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5 የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር ነው። ቤተሰቡ ተኝቶ ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው በሌለበት ሰዓትም የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ከ3.2 ጊጋኸርዝ ንቅንቅ አይልም። ፓወርዲ የተባለውን ኃይል ቆጣቢ አገልግሎት ባስነሳውም ወዲያው ይቋረጣል። ሁለት ሌሊት ቅንብሩን ስቀያይር አመሸሁ።

መልሱ የተገኘው ከሲስተሙ መዝገብ ነው። ፓወርዲ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚቀይርበት ድጋፍ ስላጣ መቋረጡን በግልጽ ጽፎታል። እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው ሰው ከዚያ ይጀምር! ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው መሠረታዊ ቅንብር) ስገባ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት እንደ ሥራው ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ስፒድስቴፕ ተዘግቷል፤ ሲ-ስቴት የሚባሉት፣ ሥራ የፈታ ፕሮሰሰር ኃይል ለመቆጠብ የሚገባባቸው የእንቅልፍ ደረጃዎችም እንዲሁ። ሁለቱንም ከፍቼ ፓወርዲን ሃይአዳፕቲቭ በሚባለው ስልት ላይ አደረግኩት። ይህ ስልት ከቁጠባ ይልቅ ለፍጥነት ስለሚያደላ ለፋየርዎል እሱን እመርጣለሁ።

አሁን ሥራ ሲቀል ወደ 800 ሜጋኸርዝ ይወርዳል። ዛሬ ጠዋት ሽፋኑን ስዳስሰው ለብ ብሎ ብቻ አገኘሁት። የእንቅልፍ ደረጃዎቹ ከተከፈቱ በኋላ ኔትወርኩ የሚዘገይበት ካለ፣ ጥልቆቹን ብቻ መልሶ ይዝጋ፤ ስፒድስቴፕን ግን አይንካው።