ከጎጃም ተነስተው በቦሌ ሲበሩ፦ ከቤት እስከ ጌት

ባለፈው ዓመት አክስቴ ሃምቡርግ ያለች ልጇን ልትጠይቅ ስትነሳ፣ ከደብረ ማርቆስ ቦሌ ድረስ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ከተርሚናሉ በር ወዲያ ሸኚ አይገባም። ከዚያ በኋላ ብቻዋን ናት፤ ፍራንክፈርት ላይ ደግሞ አውሮፕላን ትቀይራለች። አማርኛ ታነባለች፣ እንግሊዝኛ ግን አትችልም። ስለዚህ መንገዱን በሙሉ ሳሎን ቁጭ ብለን ተለማመድነው። ኤርፖርት ላይ የሚያስጨንቀው ነገር አብዛኛው ቤት ውስጥ ሊያልቅ እንደሚችል ያን ጊዜ ገባኝ።

መጀመሪያ ሰዓቱን ይፍቱ

ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓትም ቀኑም የፈረንጅ ነው። ከ7 እስከ 18 ያለው ሰዓት ላይ 6 ይቀንሱ፤ 08:30 ማለት ጠዋት 2:30 ነው። ከ19 ጀምሮ 18 ይቀንሱ፤ 22:45 ምሽት 4:45 ይሆናል። ከ00 እስከ 06 ባለው ላይ ደግሞ 6 ይጨምሩ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። ቲኬቱ «ረቡዕ 00:15» ይላል እንበል። ለፈረንጅ ረቡዕ የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በእኛ አነጋገር ግን ይህ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ማክሰኞ ሌሊት 6:15 ነው። ስለዚህ ቦሌ መገኘት ያለብዎት ማክሰኞ ምሽት ነው። የጎረቤታችን ልጅ ረቡዕ ምሽት 3:15 ላይ ሻንጣውን እየጎተተ ደረሰ። አውሮፕላኑ ከሄደ 21 ሰዓት ሆኖት ነበር። ያን ቀን የእናቱን ፊት ያየ ሰው ይህን ነገር ሁለት ጊዜ ያጣራል። እርስዎም ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ከነቀኑ፣ በወረቀት ይጻፉና ለቤተሰቡ በሙሉ ይንገሩ።

በመንገድ ላይ የሚታረፍ ከሆነ ቲኬቱ የሚጽፈው የየአገሩን ሰዓት ነው። ፍራንክፈርት የምትደርሱበትም የምትነሱበትም በፍራንክፈርት ሰዓት ነው። በኢትዮጵያ ሰዓት ካሰሉት ይሳሳታሉ።

ከጎጃም ሲነሱ

በበረራው ቀን ከቤት አይነሱ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን የዓባይ በረሃ አለ። ጠመዝማዛው ላይ አንድ ከባድ መኪና ከተበላሸ ቀኑ ሊያልቅ ይችላል። አንድ ቀን ቀድመው ገብተው ዘመድ ቤት ቢያድሩ ይሻላል። ከባሕር ዳር፣ ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ በአውሮፕላን የሚነሱ ከሆነ ደግሞ ሻንጣው ቦሌ ላይ ይወርድ እንደሆነ ወይም በቀጥታ ያልፍ እንደሆነ እዚያው ይጠይቁ። ቦሌ ላይ የአገር ውስጡና የዓለም አቀፉ ተርሚናል ለየብቻ ስለሆኑ ለመሸጋገሪያ ሰፋ ያለ ሰዓት ይያዙ።

ሻንጣው

የእኛ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። አክስቴ የለጋ ቅቤውን በፌስታል ሦስት ጊዜ ጠቅልላ፣ በነጠላዋ መሃል ደብቃው አገኘሁት። «እቴቴ፣ ይሄ አያልፍም» ስላት «ልጄ፣ ታዲያ ምን ይዤ ልጄን ልቀፍ?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ግን የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከእኛ አገር የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም። ቅቤውን አውጥተን በቦታው በርበሬና ሽሮ ጨመርን።

ማር በእጅ ሻንጣ አይሞከርም፤ በፍተሻ እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው። በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ እያንዳንዱ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም። ማሩን በደንብ አሽገው በትልቁ ሻንጣ ያስገቡት፤ የሚሄዱበት አገር ማር ማስገባት መፍቀዱንም አስቀድመው ያጣሩ። በጀሪካን የተቀዳ የቤት አረቄም አይሄድም፤ ጠንካራ መጠጥ ሲታሸግ ከፋብሪካ በወጣበት ጠርሙስ መሆን አለበት። ፓወር ባንክ ግን ተቃራኒው ነው፤ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ክልክል ነው፣ በእጅ ይያዛል። ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ ቢጫ ካርድ (የክትባት ማስረጃው) እና ገንዘብም ከእጅዎ አይለዩ።

ተርሚናሉ ውስጥ

ከበረራው 3 ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። በሩ ላይ ፓስፖርትና ቲኬት ያሳያሉ፣ ሻንጣው በማሽን ያልፋል። ቀበቶና ጫማ ሊያስወልቁዎት ይችላሉ፤ እንግዲህ ለመልበስም ለማውለቅም ቀላል የሆነ ጫማ ያድርጉ።

ቀጥሎ ቼክ ኢን ነው። ሻንጣዎን ይመዝናሉ፣ ቦርዲንግ ፓስ የሚባለውን የመሳፈሪያ ወረቀት ይሰጡዎታል። እዚህ ጋ አይቸኩሉ። ሻንጣው ላይ የሚታሰረውን ወረቀት ይዩ፤ ሦስት ትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉት። የአክስቴ «ኤች ኤ ኤም» ይላል፣ ሃምቡርግ ማለት ነው። የፍራንክፈርት «ኤፍ አር ኤ» ቢሆን ኖሮ ሻንጣዋ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ከሻንጣው ወረቀት ተቆርጣ የምትሰጥዎትን ቁራጭ ፓስፖርቱ ውስጥ ያስቀምጧት፤ ሻንጣ ከጠፋ የሚፈለገው በእሷ ነው።

ለአክስቴ የደብተር ቅጠል ላይ ቦርዲንግ ፓስ ስዬ ሦስት ነገር አከበብኩላት፦ የበረራ ቁጥር፣ ጌት (ወደ አውሮፕላኑ የሚገባበት በር) እና መሳፈሪያ ሰዓት። መሳፈሪያው ከመነሻው ሰዓት ይቀድማል። ስም ሲጠራ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት በአያት ስም ነው። የራስዎን ስም ብቻ ከጠበቁ፣ ሲጠሩዎት ላይሰሙ ይችላሉ።

ከዚያ ኢሚግሬሽን፣ ቀጥሎ ሌላ ፍተሻ፣ ከዚያ ጌት። ጌት ሊቀየር ስለሚችል ሰሌዳውን ደጋግመው ይዩ። የበረራ ቁጥርዎን ፈልገው ከጎኑ ያለውን ጌት ማመሳሰል በቂ ነው፤ እንግሊዝኛ አይጠይቅም። መጀመሪያ ጌትዎን ያግኙና ቡናውን ከዚያ በኋላ ይጠጡ።

አቅመ ደካማ ለሆኑ ወላጆች ዊልቸር ይጠይቁላቸው። ክፍያ የለውም። ቲኬቱ ሲቆረጥ፣ ቢዘገይ ከ48 ሰዓት በፊት ያሳውቁ። የሚገፋው ሠራተኛ ከቼክ ኢን እስከ ጌት አብሯቸው ነው፤ መንገድም አይጠፋቸውም።

መሃል ላይ አውሮፕላን ሲቀይሩ

ከአውሮፕላን ሲወርዱ ሁለት ዓይነት ምልክት ያያሉ፤ አንዱ ወደ ሻንጣ መቀበያና መውጫ፣ ሌላው ወደ ትራንስፈር፣ ማለትም ወደ አውሮፕላን መቀየሪያው። ሕዝቡን ተከትለው አይውጡ፣ የትራንስፈሩን ቀስት ይከተሉ። የሼንገን አገር (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች አንዱ) ከሆነ የፓስፖርት ቁጥጥሩ የሚደረገው መጀመሪያ በሚያርፉበት ከተማ ነው፤ አክስቴም ፓስፖርቷ የታየው ፍራንክፈርት ላይ ነበር።

ከቲኬት በፊት መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። ኢትዮጵያዊ በሼንገን አገር አልፎ ወደ ሦስተኛ አገር ሲሄድ፣ ከኤርፖርቱ ባይወጣም እንኳ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። እንደ አሜሪካ ወይም ካናዳ ያለ አገር የጸና ቪዛ ካለው ግን ከዚህ ነፃ ነው። ርካሽ ቲኬት አግኝተው ደስ ከማለትዎ በፊት ይህን ይጠይቁ።

አሜሪካ የሚሄዱ ደግሞ አንድ ነገር አይርሱ። ሻንጣው ላይ የመጨረሻው ከተማ ቢጻፍም፣ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ባረፉበት ኤርፖርት አብዛኛውን ጊዜ ወርዶ ይጠብቅዎታል። ይቀበሉትና ጉምሩክ አሳልፈው እንደገና ያስረክቡ። ሳይቀበሉት ካለፉ ሻንጣው እዚያው ይቀራል።

ለአክስቴ በመጨረሻ የሰጠኋት አንዲት ካርቶን ናት። በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ «ወደ ሃምቡርግ ነው የምሄደው፣ እባክዎ ጌቴን ያሳዩኝ» የሚል ጻፍኩባት፤ በጀርባዋ የልጇን ስልክ። ፍራንክፈርት ላይ ሁለት ሰው አሳይታው፣ ሁለተኛዋ ሴት እጇን ይዛ እስከ ጌቱ አድርሳታለች።