ጣና ላይ ሞተሩ ጸጥ ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

ሐይቅ መሃል ሞተር ሲጠፋ ከሁሉ በፊት መልሕቁን ጣሉ። ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ገመዱ ከጥልቀቱ ቢያንስ ሦስት እጥፍ፣ ነፋስ ካለ ደግሞ ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ከረዘመ መልሕቁ ይይዛል። ካልጣላችሁ ግን እናንተ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ብልጭታ ሰጪ) ስትፈቱ ነፋሱ ጀልባዋን ድንጋይ ላይ ይሰዳታል። ጠዋት ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ስትወጡ ውሃው የተኛ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ አብዛኛው ሰው የሚመለሰውም ያኔ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ይልበስ፣ ማንም አይቁም። ከዚያ ወደ ሞተሩ።

ጨርሶ አይነሳም

ያስቃል፣ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ ቀይዋ የማጥፊያ ገመድ ናት። ነጂው ቢወድቅ ሞተሩን እንድታጠፋ የተሠራች ናት። ሰው ሲያልፍ ነካ ካደረጋት ትወልቃለች። መልሳችሁ ስኩ። ማርሹም ፎሌ (ዜሮ) ላይ ይሁን። የቤንዚን ሽታ ከበረታ ካንዴላው ረጥቧል ማለት ነው። ቾኩን መልሱ፣ ነዳጅ መስጫውን በደንብ ክፈቱና ሳቡ። እምቢ ካለ ካንዴላውን ፈታችሁ አድርቁት። በዚህ ሰዓት ሲጋራ የሚለኩስ ካለ ተቆጡት።

ይነሳል፣ ትንሽ ሄዶ ይሞታል

ጣና ላይ ከማየው ችግር በብዛት የሚደጋገመው ይሄ ነው። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የቸገረው ቤንዚኑ ነው።

በመጀመሪያ የነዳጅ ታንኩን ክዳን እዩ። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ብሎን አለ። ተዘግቶ ከቀረ ቤንዚኑ ሲቀንስ በቦታው አየር አይገባም፣ ሞተሩም መሳብ ያቅተዋል። ምልክቱ ቱቦው ላይ ያለችው የጎማ ፓምፕ ናት፤ ተጣብቃ ጠፍጣፋ ትሆናለች። ብሎኑን ክፈቱ፣ አለቀ።

ፓምፗን ስትጨምቁ ደግሞ ጨርሶ የማትጠነክር ከሆነ በሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው። የቱቦውን ሁለት ጫፎች ነቅላችሁ አጥብቃችሁ ስኩ። ፓምፗ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ማመልከቱንም ተመልከቱ። ቱቦ ቀይሮ በግልባጩ የገጠመ ሰው አይጠፋም።

ይሄም ካልሆነ ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ አለ። ማደያ ወረፋ ሲረዝም በሃይላንድ የሚሸጠውን የምንገዛ ሰዎች ይሄን ዕዳ አብረን እንገዛለን። ከታንኩ ሥር ትንሽ ቀድታችሁ ንጹሕ ሃይላንድ ውስጥ አስቀምጡ። ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይቀመጣል። ፊልትሮውን ፈታችሁ ውሃውን አፍስሱ፣ ከቻላችሁ ከሌላ ጄሪካን ንጹሕ ቤንዚን ስጡት። ካርቡራተሩን ግን ውሃ ላይ አትፍቱ። ከእጅ ያመለጠች ትንሽ ብሎን ሐይቁ ውስጥ ገባች ማለት ነው።

ሞተሩ ባለ ሁለት ምት (ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልለት) ከሆነ ዘይቱን ጀልባ ላይ በግምት አታንቆርቁሩ። 50 ለ 1 ከተባለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ትንሽ የሲሪንጅ ቱቦ ይዞ መሄድ ምን ያከብዳል?

ከኋላ የሚተፋው ውሃ ቆመ

ይሄ ቀልድ የለውም። ያ ቀጭን ውሃ ሞተሩ እየቀዘቀዘ መሆኑን የሚነግራችሁ ነው። ሲቆም ወዲያው አጥፉ፤ "እስከ ዳር ይድረስ" ብሎ መንዳት ፒስተን ያስበላል። ሞተሩን አንሱና የውሃ መግቢያውን እዩ፦ እምቦጭ ወይም የፌስታል ቁራጭ ይኖራል። የሚተፋበትን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ነካ ነካ አድርጉት። አሁንም ካልተፋ የውሃ ፓምፑ ጎማ አልቋል። እሱ ዳር ወጥቶ በመካኒክ የሚቀየር ነው።

ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ አትሄድም

ፕሮፔለሩ (ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋው) ላይ እምቦጭ ወይም መረብ ተጠምጥሟል። እምቦጭ በብዛት ያለው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ቢሆንም ነፋስ ሲገፋው ያልጠበቃችሁበት ታገኙታላችሁ። ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ወይም ቀይዋን ገመድ ንቀሉ፣ ከዚያ አንስታችሁ አጽዱ። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ውሃ ውስጥ ገብቶ ማጽዳት አይታሰብም። መረብ ከሆነ ባለቤቱ ቅርብ ሊሆን ይችላልና ከመቁረጣችሁ በፊት ተጣሩ። የሰው እንጀራ ነው።

ምንም ካልተጠመጠመ የፕሮፔለሩ ማሰሪያ ፒን ተቆርጧል፣ ወይም መሃሉ ያለው ጎማ እየተንሸራተተ ነው። ፒን ከሆነ መለዋወጫ ይዛችሁ ከሆነ በፒንሳ ይቀየራል። ጎማው ከሆነ ቀስ ብላችሁ ንዱት፤ በዝቅተኛ ዙር ዳር ያደርሳችኋል።

ጉልበት የሚያንሰው ሁልጊዜ ከሆነስ? ያ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍ ይላል። ሞተር በየ300 ሜትሩ በግምት 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። ለባሕር የታሰበ ፕሮፔለር እዚህ ይከብደዋል፤ በአንድ ዙር ትንሽ የሚገፋውን ጠይቁ።

ሰው ስትጠሩ

ሁለት እጃችሁን ዘርግታችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉ። አንድ እጅ ብቻ ካወዛወዛችሁ ሰላም ያላችኋቸው መስሏቸው መልሰው ሰላም ብለዋችሁ ያልፋሉ። የጣና ጀልባ ነጂዎች የቸገረውን አይተው የማለፍ ልማድ የላቸውም። የታንኳ ቀዛፊዎችን አትናቁ፤ መጎተት ባይችሉ እንኳ የቱ ጋ ድንጋይ እንዳለ ያውቃሉ፣ መልእክትም ያደርሳሉ።

ለመጎተት ገመዱ ረጅም ይሁን። ከፊት ቀፎው ላይ ካለው ጠንካራ ቀለበት እሰሩት፤ የእጅ መደገፊያ ብረት ላይ ካሰራችሁ ይነቀላል። የእናንተን ሞተር አንሱ፣ ሰው ወደ ኋላ ይቀመጥ፣ ማንም ገመዱ አጠገብ አይሁን። ጎታቹ በዝግታ ይነሳ። ዳር ስትደርሱ ቢያንስ የቤንዚኑን ስጡት፤ "ተው ግዴለም" ቢልም ስጡት።

መረብ ተጠምጥሞ ከነበረ በማግስቱ የማርሹን ዘይት አስቀድቱና እዩ። ወተት መስሎ ከነጣ ክሩ ማሸጊያውን ቆርጦ ውሃ አስገብቷል፤ ማሸጊያው ሳይቀየር ቀጣዩን ቅዳሜ አትውጡበት።