በቆሎዬ "እርጥብ ነው" ተብሎ ሲመለስብኝ በጨው እንዴት እንደፈታሁት

ቡሬ አካባቢ በቆሎ የምታመርቱ ይቺን ያዙልኝ። አምና ነጋዴው እጁን ጆንያው ውስጥ ከቶ "እርጥብ ነው" ብሎ መለሰብኝ፣ እውነቱን ነው፣ እርጥብ እህል ይሻግታል ሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል፣ ቢቀቅሉትም አይጠፋም። የአውሮፓ ህብረት እንኳ ለቀጥታ ምግብ በሚውል በቆሎ በኪሎ ከ4 ማይክሮግራም በላይ አይፈቅድም!

መለኪያ ማሽን ስለሌለኝ ዘንድሮ የደረቀ ጠርሙስ ሲሶውን በቆሎ ሞልቼ ሁለት ሶስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሬ፣ ክዳኑን ገጥሜ ደህና አርጌ ናጥኩትና 15 ደቂቃ አስቀመጥኩት። ጨዉ ጠርሙሱ ላይ ተለጠፈ፣ ማለትም እርጥበቱ ከ15 ፐርሰንት በላይ ነው። መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ እያገላበጥኩ 3 ቀን ፀሀይ አስመታሁት፣ ደግሜ ስሞክር አልያዘም። ለጎተራ ግን 13 አካባቢ መውረድ ስላለበት ሁለት ቀን ጨመርኩለት። ሰውየው ዘንድሮ ሳያንገራግር ተቀበለኝ።