ታንታለምና ኒዮቢየምን ስናነጻጽር የምንሠራቸው ስህተቶች

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ከተገኘ ወዲህ ወሎ ውስጥ ድንጋይ እንደ ድሮው ተረግጦ አይታለፍም። ደሴ ላይ ትንሽ ማዕድን ያውቃል የተባለ ሰው ካገኙ ከኪሳቸው ጥቁር ድንጋይ የሚያወጡለት ብዙ ናቸው። “ጋሼ፣ እስቲ ይችን ይዩልኝ፤ ኮልታን ትሆን?” ይሉታል። ኮልታን ታንታለምና ኒዮቢየም የተባሉ ሁለት ሜታሎችን አንድ ላይ የያዘ ማዕድን ነው። ስለ ሁለቱ በየሻይ ቤቱና በየቴሌግራሙ ከሚወራው ብዙው የተምታታ በመሆኑ፣ ገንዘብም ጤናም የሚያስከፍሉትን ስህተቶች ላንሳ።

ከሁሉም የሚበዛው ጥቁርና ከባድ ድንጋይን ሁሉ ኮልታን ማለት ነው። የወሎ ደጋ በአብዛኛው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከመሬት ውስጥ ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት ነው። የደላንታ ኦፓልም የተገኘው በዚሁ የእሳተ ገሞራ ንጣፍ መሃል፣ ከአመድ በተሠራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ታንታለም ግን የሚገኘው በጣም አርጅቶ በተሸረሸረ መሬት ላይ፣ ፔግማታይት በሚባል ነጣ ያለ ትልልቅ ክሪስታል ባለው ድንጋይ ውስጥ ነው። የአገራችን ታዋቂ የታንታለም ቦታ ቀንጢቻም እዚህ ሳይሆን በጉጂ ነው። ስለዚህ ከደሴ ዙሪያ ገደል የተለቀመ ጥቁር ድንጋይ ባዛልት የመሆን ዕድሉ እጅግ ይበልጣል።

ደላላ በፎቶ አይቶ “ንጹህ ነው” ቢልም አትመኑት። ፎቶ እፍግታን፣ ማለትም ድንጋዩ ለመጠኑ ምን ያህል እንደሚከብድ አያሳይም፤ እፍግታን ግን ቤት ውስጥ ዕቃ በሚንጠለጠልበት ዲጂታል ሚዛንና በክር መለካት ይቻላል። ድንጋዩን በደረቁ መዝኑ። ከዚያ ከሚዛኑ ላይ በክር አንጠልጥላችሁ፣ የውሃውን ዕቃ ሳያስነኩ ውሃ ውስጥ አስጥማችሁ መዝኑ። የደረቁን ክብደት በሁለቱ ልዩነት አካፍሉት። በደረቁ 300 ግራም የነበረው በውሃ ውስጥ 200 ካሳየ መልሱ 3 ነው፤ ይህ የባዛልት እፍግታ ነው። 250 ካሳየ መልሱ 6 ይሆናል፤ ያኔ ነገሩን ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ኒዮቢየም የሚበዛበት የኮልታን ዓይነት፣ ኮሎምባይት፣ ከ5 ትንሽ ከፍ ይላል፤ ታንታለም እየበዛ ሲሄድ ወደ 8 ይጠጋል። እዚህ ላይ ግን ሌላ ወጥመድ አለ፤ ማግኔታይትና ሄማታይት የተባሉት ተራ የብረት ማዕድናትም 5 አካባቢ ናቸው። ማግኔታይትን ማግኔት አጥብቆ ይስበዋል፤ ሄማታይት ደግሞ ባልተወለወለ ነጭ ሸክላ ላይ ሲፈገፈግ ቀይ መስመር ይተዋል። ከዚህ ያለፈውን የሚፈታው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ዋጋውም በድንጋዩ ጠቅላላ ኪሎ ሳይሆን ውስጡ ባለው የታንታለም ኦክሳይድ መቶኛ ነው የሚታሰበው፤ ያለ ምርመራ ወረቀት በኪሎ የሚደራደር ሰው ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ነው።

እውነተኛው ኮልታን ተገኘ እንበል። ብዙ ጊዜ ዩራኒየምና ቶሪየም አብረውት ስለሚገኙ ጨረር ሊኖረው ይችላል። አልጋ ሥር በጆንያ ማስቀመጥ፣ ቤት ውስጥ መፍጨትና አቧራውን መተንፈስ መጥፎ ሐሳብ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ሁለቱ አብረው ስለሚገኙ አንድ ነገር ናቸው ማለት ነው። በዚህ የተሳሳቱት ትልልቅ ኬሚስቶችም ናቸው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሃቼት እ.ኤ.አ. በ1801 አንዱን አገኘና ኮሎምቢየም አለው፤ በዓመቱ ስዊድናዊው አንደርስ ኤክበርግ ታንታለምን አገኘ። በ1809 ዊልያም ዎላስተን ሁለቱን ማዕድናት አነጻጽሮ አንድ ንጥረ ነገር ናቸው ብሎ ደመደመ። የሚገርመው የማዕድናቱ እፍግታ በግልጽ እንደሚለያይ ራሱ ለክቶ አይቷል፤ ከሚዛኑ ይልቅ የኬሚካል ምርመራውን አመነ። ጀርመናዊው ሃይንሪክ ሮዝ በ1844 ልዩነቱን መልሶ አነሳ፤ ነገሩ ጠርቶ የተለየው ግን በ1860ዎቹ በስዊሱ ማሪኛክ ሥራ ነው። በድሮ መጻሕፍት ኮሎምቢየም የሚል ስታዩ ሦስተኛ ሜታል አይደለም፤ ኒዮቢየም ራሱ ነው።

ዎላስተንን ያሳሳተው ምክንያት ዛሬ ይታወቃል። የኒዮቢየም አቶሚክ ቁጥር 41፣ የታንታለም 73 ነው። በሰንጠረዡ አንድ ምድብ ውስጥ አንዱ ከሌላው በታች ስለተቀመጡ ታንታለሙ ሰፋ ያለ አቶም ይኖረዋል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን በመካከላቸው ላንታናይዶች የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ይገባሉ፤ የእነሱ ኤሌክትሮኖች የኒውክለሱን ስበት በደንብ ስለማይጋርዱ ከእነሱ በኋላ የሚመጡት አቶሞች ይኮማተራሉ። ስለዚህ የሁለቱ መጠን ከሞላ ጎደል እኩል ሆኖ ቀረ። እኩል መጠንና ተመሳሳይ ውጫዊ ኤሌክትሮን ያለው አቶም በኬሚካል ጠባዩም ይመሳሰላል፤ ለመለየት አስቸጋሪ የሆኑትም ለዚህ ነው።

ይህን የሰማ ወጣት ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄድና “እንግዲያው አንዱ በሌላው ይተካል” ይላል። መጠናቸው እኩል ይሁን እንጂ ታንታለም አቶሙ በክብደት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። እፍግታው ወደ 16.6 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሲሆን የኒዮቢየም 8.57 ነው፤ ኒዮቢየም ከመዳብ እንኳ ይቀላል። ታንታለም የሚቀልጠው በ3017 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ኒዮቢየም በ2477 ነው። ክብደት በሚያስጨንቅበት ቦታ የሚመረጠው ኒዮቢየም ነው፤ ሰውን ወደ ጨረቃ የወሰደው አፖሎ መንኮራኩር የዋናው ሞተሩ የጭስ መውጫ የተሠራው ከኒዮቢየም ቅይጥ ነበር።

የኒዮቢየም ትልቁ ሥራ ግን ጨረቃ ላይ አይደለም፤ ብረት ውስጥ ነው። በዓለም ከሚመረተው አብዛኛው ወደ አረብ ብረት ማቅለጫ ይገባል። ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ መጠን፣ ብዙ ጊዜ ከ0.1 በመቶ በታች ሲጨመር ከካርቦን ጋር ተጣምሮ የብረቱን ቅንጣቶች ያደቅቃቸዋል፤ ብረቱ ሳይሰባበር ይጠነክራል። የነዳጅ ቧንቧ፣ የመኪና አካልና የድልድይ ብረት በዚህ ይቀጥናል። ታንታለምን እዚያ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው። ኒዮቢየም ሌላም ልዩ ጠባይ አለው፤ ከቲታኒየም ጋር ተቀይጦ በፈሳሽ ሂሊየም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም እንቢታ ያሳልፋል። የኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ያለው ኃይለኛ ማግኔት የሚጠመጠመው በዚህ ሽቦ ነው።

ታንታለም በበኩሉ የሰው ገላ የማይጠላው ሜታል ነው፤ ለአጥንት ጥገናና ለራስ ቅል መጠገኛ ያገለግላል። የአሲድ ፋብሪካዎችም ይወዱታል፤ ወርቅን የሚያሟሟው የአሲድ ድብልቅ በተለመደው ሙቀት አይነካውም። ከዚህ ተነስቶ “ታንታለምን ምንም አይነካውም” ማለት አራተኛው ስህተት ነው። የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሽፋኑን ይበላዋል፤ በአየር ውስጥ በመቶዎች ዲግሪ ሲግልም እየተቃጠለ ይሄዳል። የመቅለጫ ነጥቡን ብቻ አይቶ ለእሳት ምድጃ የሚመርጠው ሰው ይጸጸታል።

ሃይድሮፍሎሪክ አሲድን ካነሳሁ አይቀር፤ ሁለቱን ሜታሎች ከማዕድናቸው አሟሙቶ ለመለየት የሚጠቀሙት በእሱ ነው። ቪዲዮ አይተው ጓሮ ውስጥ ለመሞከር የሚያስቡ አሉ። አታስቡት። ቆዳን ዘልቆ ይገባና የሰውነትን ካልሲየም ይይዛል፤ መጀመሪያ ላይ ብዙም ላያሳምም ይችላል፤ ሰፋ ያለ ቆዳ ከነካ ግን ልብን እስከ ማቆም ይደርሳል።

ብርቅነታቸውንም ብዙዎች አሳስተው ያወራሉ። ሁለቱም “ብርቅዬ መሬቶች” ከሚባለው የንጥረ ነገሮች ቡድን ውስጥ አይደሉም። ኒዮቢየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከእርሳስ አያንስም፤ ታንታለም ግን የእሱን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። አቅርቦታቸውም የተለያየ ነው። ከዓለም ኒዮቢየም 90 በመቶ ገደማ የሚመጣው ከብራዚል ነው፤ ለታንታለም ደግሞ ዋናዎቹ ዲሞክራቲክ ኮንጎና ሩዋንዳ ናቸው። ስለዚህ የአንዱን ዋጋ አይቶ የሌላውን መገመት አይቻልም።

የመጨረሻው ለደሴና ለኮምቦልቻ ሞባይልና ላፕቶፕ ጠጋኞች ነው። ቦርድ ላይ የምታዩዋቸው ቢጫ ወይም ጥቁር አራት ማዕዘን ካፓሲተሮች ብዙዎቹ ታንታለም ናቸው፤ የኦክሳይዱ ሽፋን እጅግ ስስ ስለሆነ በትንሽ ቦታ ብዙ ቻርጅ ይይዛሉ። በኒዮቢየም ኦክሳይድ የሚሠሩም አሉ፤ ሲበላሹ እንደ ታንታለሙ ቶሎ አይቀጣጠሉም፤ ነገር ግን የሚሸከሙት ቮልት ዝቅተኛ ነው፣ የሚያፈሱትም ከረንት ይበዛል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ማቀያየር አይገባም። ይበልጥ የሚያቃጥለው ግን የመስመሩ ነገር ነው። ክብ በሆነው የአሉሚኒየም ካፓሲተር ላይ ያለው መስመር ኔጋቲቩን ያሳያል፤ በአራት ማዕዘኑ ታንታለም ላይ ያለው መስመር ግን ፖዘቲቩን ነው። በለመደ እጅ ተገልብጦ የተበየደ ታንታለም ሾርት ይሆንና ይቃጠላል፤ ቦርዱንም ይዞ ይሄዳል። ቮልቱንም ልክ በልኩ አትምረጡ፤ 5 ቮልት በሚያልፍበት መስመር ላይ 6.3 የተጻፈበትን ሳይሆን 10 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበትን አስገቡ።